መቶ ዓመት አስጠብቀው «አጨብጭቡ» ይሉናል

የኦስካር አካዳሚ ለስታንት፣ ማለትም በፊልም ውስጥ ለሚሠራው የመውደቅ፣ የመዝለልና የመጋጨት አደገኛ ትዕይንት፣ ሽልማት ሊሰጥ ነው። ይህን ያሳወቀው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ሐውልት የሚሰጠው ግን በ2028፣ በመቶኛው ዝግጅት ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ «እሰይ!» ይላል። እኔን አናደደኝ።

መቶኛው! ልብሱን የሰፋው ተሸለመ፣ ፊት የቀባው ተሸለመ፣ ዘፈን የጻፈው ተሸለመ። ከፎቅ የሚወረወረው ሰውዬ ተራው አልደረሰውም። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚ እኮ ለስታንት አስተባባሪዎች መሸለም የጀመረው በ2002 ነው። በ2024ቱ ኦስካር ላይ ስታንት ሠሪዎችን የሚያወድስ ቪዲዮ አሳዩን። ጭብጨባው ቀለጠ። ሐውልት ግን የለም። ቪዲዮ ወጪ የለውማ።

«ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ያ የቆየ ሰበብ ነው፦ «ከሸለምናቸው ለሐውልት ሲሉ ራሳቸውን ይገድላሉ።» አይ አሳቢነት! ማቲው ማኮናሂ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ በ2014 የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ሲወስድ ይህ አሳቢነት የት ነበር? ተዋናይ ሰውነቱን ሲጎዳ ለሙያው ያደረ ይባላል። ስታንት ሠሪው ሲሆን ሞት ፈላጊ!

ስታንት ዓይን ጨፍኖ መዝለል የሚመስለው ሰው ሥራውን አያውቀውም። ከከፍታ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የባዶ ካርቶን ክምር ላይ ነበር። ካርቶኑ ሲጨፈለቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ሰውየውም ቀስ ብሎ ይቆማል። ስንት ደርብ ካርቶን? ከስንት ሜትር? ሰውየው ስንት ኪሎ ነው? በጀርባው ነው ወይስ በጎኑ የሚያርፈው? ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው አለ። የአዲሱ ሽልማት ስም ራሱ «የስታንት ዲዛይን» ነው። ስሙን ለማወቅ መቶ ዓመት ፈጀባቸው እንጂ ሥራውስ ድሮም ይኸው ነበር።

የ1959ኙን «ቤን ሁር» ያየ ሰው የሠረገላውን ውድድር አይረሳም። ያንን ውድድር ያቀነባበሩት ስታንት ሠሪው ያኪማ ካኑትና ዳይሬክተሩ አንድሩ ማርተን ናቸው። የያኪማ ልጅ ጆ ደግሞ በዋናው ተዋናይ በቻርልተን ሄስተን ምትክ ይነዳ ነበር። ፈረሶቹ የተሰባበረ ሠረገላ ዘለው ሲያልፉ ጆ ከመቀመጫው ተፈናጠረ፤ በአየር ላይ ተገልብጦ ወደ ፊት ተወረወረ። ይሄኛው በዕቅድ አልነበረም። ግን ልጁ ሠረገላውን አልለቀቀም። ተንጠልጥሎ ተመልሶ ወጣ፤ የተረፈው አገጩ ላይ ቁስል ይዞ ነው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች አደጋውን አልጣሉትም። ሄስተን ወደ ሠረገላው ሲወጣ የሚያሳይ የቅርብ ቀረጻ ጨመሩና ቀጠሉት። አካሉ የጆ፣ ፊቱ የሄስተን። እስቲ ቀስ አድርጋችሁ እዩት፤ መጋጠሚያው ይታያል።

ፊልሙ 11 ኦስካር ወሰደ። ሄስተን ምርጥ ተዋናይ ተባለ። ያኪማ የክብር ኦስካር የተሰጠው በ1967 ነው፤ እሱም ለዕድሜ ዘመን ሥራው። ለጆስ? ለስታንት የሚባል ዘርፍ የለማ፣ ምን ብለው ይሸልሙታል?

ደግሞ በ2022 «ጊዜ ለመቆጠብ» ተብሎ የኤዲቲንግና የድምፅን ጨምሮ የ8 ዘርፎች ሽልማት ከቀጥታ ሥርጭቱ በፊት ተሰጠ። ዝግጅቱ ግን ያው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ወሰደ። ቸኩለው የቆረጡት የማንን ጊዜ እንደሆነ ልብ በሉ።

አሁን ያወጡት ደንብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ለአዲሱ ሽልማት የሚወዳደሩት በ2027 የሚወጡ ፊልሞች ናቸው። ፊልሙ በ2026 የሚወጣበት ስታንት ሠሪ ለቪዲዮው ይውደቅ።