ማስተካከያ፦ ኤፕስቲን የካምፑ ባለቤት አልነበረም

ባለፈው ሳምንት ስለ ጄፍሪ ኤፕስቲን፣ ታዳጊ ልጃገረዶችን በወሲብ በመበዝበዝ ስለተከሰሰው አሜሪካዊ ባለሀብት፣ ስጽፍ፣ ሚሺጋን የሚገኘውን ኢንተርሎከን የተባለ የወጣቶች የጥበብ ካምፕ «የራሱ ካምፕ» ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ። ካምፑ የተከፈተው በ1928 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሰውየው ያኔ አልተወለደም።

እዚያ የሄደው በ1967 ነው፤ ሙዚቃ ሊማር። ባሱን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋ ነበር። ገንዘብ ሲይዝ ደግሞ ለጋሽ ሆኖ ተመለሰ። በእሱ ብር ማረፊያ ቤት ተሠራ፣ ስሙም ተሰጠው። በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ በወሲብ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ካምፑ ስሙን ከቤቱ ላይ አንስቷል።

ሌላም ስህተት አለ። «ጄን» በሚል ስም የመሰከረችው ሴት ኒው ዮርክ ውስጥ አገኘችው ብያለሁ። አይደለም፤ እዚያው ካምፑ ውስጥ ነው፣ በ1994። ዕድሜዋ 14 ነበር። ለኤፕስቲን ልጃገረዶችን በመመልመል በተከሰሰችው ወዳጁ በጊሌን ማክስዌል የ2021 ችሎት ላይ እንደተናገረችው፣ ከጓደኞቿ ጋር አይስክሬም እየበላች ሳለ ማክስዌል ትንሽ ውሻ ይዛ መጣች። ልጅ ውሻ ሲያይ ምን ያደርጋል? ኤፕስቲንም ተከተለ። ጎበዝ ልጆችን በስኮላርሺፕ እንደሚረዳ ነገራት፣ የእናቷን ስልክም ተቀበላት። ማክስዌል በ2021 ታኅሣሥ ጥፋተኛ ተባለች።

«የልጅነት ትዝታ ስቦት ነው የሚለግሰው» ያልኩትንም ዓረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ስህተቱን ለጠቆማችሁኝ አመሰግናለሁ።