ይድረስ ለክቡር አቶ ቀጥ፣ ባሉበት ሀዲድ

ጉዳዩ፦ ፍሬን ሳይያዝ መቆምን ስለ ማስቀረት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ጠረጴዛው ላይ ከተጋደሙት ሦስት ፉርጎዎች በስተቀር ክብሩ ይስፋ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያስገደደን የሥራ ትጋትዎ ነው። በዲጂታል የሚነዳ ሞዴል ባቡር የናፍጣ ሞተሩን ድምፅ እያንጎራጎረ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ በየመስኮቱ ጥፍር የሚያካክሉ ተሳፋሪዎች አስቀምጦ፣ በግርማ ሞገስ ወደ ጣቢያው ይገባል። ነጂው ማዞሪያውን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ያኔ እርስዎ ከች ይላሉ፤ ባቡሩም ቀጥ። «ወራጅ አለ!» የተባለበት ሚኒባስ እንኳ ከእርስዎ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሰውየውን አሳልፎ ነው የሚያወርደው።

ብዙ ሰው አንድ ቤት ብቻ ያለዎት ይመስለዋል። እኛ ግን የይዞታ ካርታዎን በሙሉ አይተናል።

ዋናው መኖሪያዎ ሲቪ 4 ነው። ዲኮደር ማለት በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የተቀበረች፣ ከሀዲዱ የሚመጣውን ትእዛዝ እየሰማች ሞተሩን የምታዝ ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ ጠባይዋን የሚወስኑት ሲቪ የሚባሉ፣ ቁጥር የሚጻፍባቸው መሳቢያዎች ናቸው። ሲቪ 3 አነሳሱን፣ ሲቪ 4 አቋቋሙን ይይዛል። በአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ደንብ መሠረት ሲቪ 4 ላይ ያለው ቁጥር በ0.896 ሲባዛ ባቡሩ ከሙሉ ፍጥነት ተነሥቶ እስኪቆም የሚወስድበትን ሰከንድ ይሰጣል። አንዳንድ አምራቾች ማባዣውን ስለሚቀይሩት፣ ከመመሪያው ይልቅ የእጅ ሰዓት ማመን ይሻላል።

እስኪ ሂሳብዎን እናወራርድ። ሲቪ 4 ላይ 3 ተጽፏል እንበል። ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የተገደበ የኤች-ኦ ባቡር፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው፣ ጠረጴዛው ላይ በሰከንድ 32 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በ3 ሲቆም 2.7 ሰከንድና 43 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ወደ እውነተኛው ዓለም ሲመነዘር 37 ሜትር ነው። ጥሩ ፍሬን ያለው የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ከዚያ ፍጥነት ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። እርስዎ ታዲያ በብረት እግር፣ ብረት ሀዲድ ላይ፣ ያን ሁሉ ቶን ጎትተው መኪናውን ቀደሙት! ተሳፋሪው ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ከፎቅ ቢወድቅ ከሚስበው የመሬት ስበት ይበልጣል። ቡና የያዘ ሰው ካለ እግዜር ይሁነው።

እውነተኛ ባቡር ረጋ ብሎ ሲቆም ከዚያው ፍጥነት 55 ሰከንድና 770 ሜትር ያህል ይወስድበታል። በኤች-ኦ ወደ 8.9 ሜትር ይመጣል። ጀርመኖች በዋና መስመሮቻቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ሲግናሉን ከዋናው ሲግናል 1,000 ሜትር አርቀው የሚተክሉት ሀዲድ ተርፏቸው አይደለም። ይህ በሞዴል 11.5 ሜትር ነው፤ ስንት ሳሎን ይችለዋል? ስለዚህ ሽማግሌ ገብቶ ሲቪ 4 ከ25 እስከ 35 ባለው እንዲቀመጥ አስማምቷል። በ30 ባቡሩ 27 ሰከንድ ወስዶ 4.3 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ለሳሎን ደግ ነው፤ ለእርስዎ ግን የጡረታ ደብዳቤ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙሉ ፍጥነቱ ልክ ሲይዝ ነው። ብዙ ሎኮሞቲቭ ከፋብሪካ ሲወጣ ከእውነተኛው ወንድሙ እጅግ ፈጥኖ ይሮጣል፤ ሲቪ 4 ደግሞ ሰከንዱን የሚቆጥረው ከዚያ ሙሉ ፍጥነት ጀምሮ ነው። ሀዲዱ ላይ 1 ሜትር ለክቶ ሁለት ምልክት ማድረግ፣ ባቡሩን በሙሉ ፍጥነት ማሳለፍ፣ 313ን በፈጀው ሰከንድ ማካፈል፤ የሚመጣው ቁጥር በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። 1 ሜትሩን በ3.1 ሰከንድ ካለፈ 100 ነው። ከበዛ የሙሉ ፍጥነቱን ጣሪያ የሚይዘውን ሲቪ 5ን እየቀነሱ ደግሞ መለካት። ሌላም ነገር አለ፤ በግማሽ ፍጥነት የመጣ ባቡር የሚቆመው በግማሹ ሰዓት ቢሆንም በሩቡ ርቀት ነው። ባቡሩ ዛሬ ከጣቢያው በር ፊት፣ ነገ ከሽንት ቤቱ ፊት የሚቆመው ለዚህ ነው። የተሻሉ ዲኮደሮች «በቋሚ ርቀት ቁም» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ በምንም ፍጥነት ቢመጣ ያንኑ ሴንቲ ሜትር ሄዶ ይቆማል።

አሁን ወደ መራራው እንምጣ። ሲቪ 4ን ከፍ አድርገው እርስዎን ያባረሩ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አላባረሩም፤ ነጂውን ነው ከሥራ ያስወጡት። ማዞሪያው ዜሮ ላይ ይደረጋል፣ ቀሪውን ቁጥሩ ይሠራል፣ ነጂው ሻዩን ይጠጣል። በእውነተኛው ባቡር ላይ ግን ጉልበት መንሳትና ፍሬን መያዝ ሁለት የተለያዩ መያዣዎች ናቸው። ጉልበቱ ሲነሳ ባቡሩ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል፤ የሚያቆመው ፍሬኑ ነው። ዌስቲንግሃውስ የአየር ፍሬኑን የፈጠራ መብት ያወጣው በ1869 ነበር። በኋላ ባሻሻለው ዘዴ ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የሚዘልቀው ቧንቧ አየር ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፣ አየሩ ሲቀንስ ይይዛል። በአውሮፓ ሙሉው ግፊት 5 ባር ነው። ቧንቧው ቢበጠስ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ድንገተኛ ቁም እንኳ በዚያ ዓለም ምክንያት አለው ለማለት ነው።

ይህን ለመምሰል ሲቪ 4 ወደ 80 ወይም 100 ይወጣል፤ በ100 ባቡሩ ብቻውን ለመቆም 90 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከዚያ የዲኮደሩ የፍሬን ተግባር መቆጣጠሪያው ላይ ባለ አንድ ቁልፍ ይታሰራል። የዘመኑ ባለ ድምፅ ዲኮደሮች ብዙዎቹ ይህ ተግባር አላቸው፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ፍሬን የሚሰጡም አሉ። ማዞሪያው ዜሮ ሲሆን ባቡሩ ይንሸራተታል፣ ቁልፉ ሲበራ ይይዛል፣ ሲጠፋ ለቆ እንደገና ይንሸራተታል። ቁልፉን እንደ ጥሩምባ ቶሎ ቶሎ መነካካት ደስ ቢልም ልክ አይደለም፤ እውነተኛው ነጂ ደጋግሞ ከያዘና ከለቀቀ የፉርጎዎቹ የአየር ጋን ሳይሞላ ይቀርና ቀጣዩ ፍሬን ሰነፍ ይሆናል። ረጅም የጭነት ባቡር ሲሆን ደግሞ የኋለኛው ፉርጎ ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ለጭነት ከመንገደኛ ይልቅ ደከም ያለ ፍሬንና ከፍ ያለ ሲቪ 4 ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲቪ 4 100 ላይ ሆኖ ፍሬን ካልተያዘ ባቡሩ 14 ሜትር ይሄዳል። ጠረጴዛው 3 ሜትር ነው። ቀሪውን 11 ሜትር ወለሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ በሩብ ፍጥነት መለማመድና በመስመሩ ጫፍ ስፖንጅ ማስቀመጥ አያሳፍርም። አሮጌውን የምድር ባቡር በሞዴል ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህ ሙያ ግዴታው ነው፤ ያ ባለ 1 ሜትር ስፋት ሀዲድ በኤች-ኦ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ከለገሃር ጅቡቲ ድረስ ያለው ጉዞም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ ባሕር መውረድ ነበር። እዚያ የሚያኮራው ሞተሩ አይደለም፣ ፍሬኑ ነው።

ሁለተኛው ቤትዎ ቀዩ ቁልፍ ነው። የድንገተኛ ማቆሚያ ትእዛዝ ሲቪ 4ን አያውቅም። በባለ 128 ደረጃው አነዳድ ዜሮ «ቁም» ሲሆን 1 ደግሞ «በድንገት ቁም» ነው፤ ለመንዳት የሚተርፉት 126 የሆኑት ለዚህ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሰው ክንዱን ሀዲድ ላይ ሲያሳርፍ ወይም ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ ያገለግላል። ጣቢያ ለመግባት ሲነካ ግን ሥልጣን ያላግባብ መጠቀም ነው።

ሦስተኛው ይዞታዎ ሰፊ ነው፤ ቀይ ሲግናል ፊት ያለው የተቆረጠ ሀዲድ። ድሮ በአናሎግ ጊዜ ሲግናሉ ቀይ ሲሆን ከፊቱ ያለው ሀዲድ ኤሌክትሪክ ይነፈግ ነበር። ይህ ልማድ ዲጂታሉን ሀዲድ ወረሰ። ዲጂታል ባቡር እዚያ ሲገባ 30 ይሁን 100 ሲቪ 4 አያድነውም። ዲኮደሯ ራሷ ተርባ ትጠፋለች፤ ድምፁና መብራቱም አብረው። ካፓሲተር የተገጠመለት ሎኮሞቲቭ ደግሞ በተጠራቀመችው ኤሌክትሪክ የተቆረጠውን ሀዲድ ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቀዩን ጥሶ ያልፋል። ይህን ለትራፊክ ፖሊስ ማን ያስረዳል?

መድኃኒቱ ሌንዝ ከተባለው የጀርመን አምራች የመጣው ኤቢሲ የሚባለው ዘዴ ነው። ሀዲዱን ማስራብ ሳይሆን ማንሻፈፍ ነው። በዲሲሲ፣ ማለትም በዲጂታል ትእዛዝ በሚሠራ ሀዲድ ላይ፣ ቮልቱ ወዲያና ወዲህ እኩል ይመላለሳል። ሲግናሉ ፊት ያለው ሀዲድ አንዱ ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ይቆረጥና ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ዳዮዶች በኩል ያገኛል፤ 4 ዳዮዶች በተርታ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከእነሱ ጎን ለጎን 1 ዳዮድ ወደ ተቃራኒው። እያንዳንዱ ዳዮድ 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚበላ በአንዱ ወገን 2.8፣ በሌላው 0.7 ቮልት ይጎድላል። የ2.1 ቮልቷን ልዩነት ዲኮደሯ ታሸትና በራሷ ሲቪ 4 መሠረት ቀስ ብላ ታቆማለች፤ መብራቱ እንደበራ፣ ሞተሩ እንዳንጎራጎረ። ሲግናሉ አረንጓዴ ሲሆን ሪሌይ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን በዳዮዶቹ ጎን ያሳልፈዋል፣ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ባቡሩ ይነሳል። 3 አምፒር የሚችለው 1ኤን5401 የተባለው ዳዮድ ይሻላል፤ 1 አምፒሩ ሁለት ሎኮሞቲቭ ተቀጣጥለው ሲያልፉበት ጣት ያቃጥላል።

ታዲያ ሽቦው ሁሉ ተበይዶ ባቡሩ ካልቆመ? መጀመሪያ ሲቪ 27 ይታይ። ዜሮ ከሆነ ዲኮደሯ ስለ ኤቢሲ ሰምታም አታውቅ። 1 ለቀኙ ሀዲድ፣ 2 ለግራው ነው። 1 ተጽፎ አሁንም ካለፈ ዳዮዶቹ ተገልብጠው ተበይደዋል፤ ወይ እነሱን ማዞር ወይ 2 መጻፍ። ቀጥሎ የማሽተት አቅሟ ይታይ፤ ኢኤስዩና ዚሞ በሚባሉት አምራቾች ዲኮደሮች ሲቪ 134 ነው። ባቡሩ ቆሞ ሳለ እንደ ሌባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተንፏቀቀ ደግሞ ጥፋተኛው ከኋላ ያለው ባለ መብራት ፉርጎ ነው። በሁለት እግሮቹ ኤሌክትሪክ የሚለቅም ፉርጎ ቁርጡን ሲሻገር ጤነኛውን ሀዲድ ከተንሻፈፈው ጋር ያገናኘዋል። ፍቱኑ ነገር ክፍሉን ባቡሩን በሙሉ እንዲይዝ አድርጎ ማስረዘም ነው። ካልተቻለ ቢያንስ ከማቆሚያ ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ 4.3 ሜትር ለሚፈልግ ባቡር 2 ሜትር ክፍል ሠርቶ ቀይ ጣሰ ብሎ መክሰስ ነውር ነው።

ትናንሽ ኪራይ ቤቶችዎን በአጭሩ፦ ቆሻሻ ሀዲድ፣ እሱ በጨርቅና በኢሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል፣ በአሸዋ ወረቀት ግን አይፈገፈግም፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይሰበስባልና። የተቀጣጠሉ ሁለት ሎኮሞቲቮች፣ አንዱ ሲቪ 4 30 ሌላው 10 ከሆነ አንዱ ሲቆም ሌላው ይገፋዋል፤ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ፉርጎዎች ኩርባው ላይ የተጋደሙት እንዲህ ነው። ለቅጥል ጊዜ የሚጠቅም ማስተካከያ ሲቪ 24 ላይ አለ።

የመጨረሻዋ መሸሸጊያዎ መጨረሻዋ ሴንቲ ሜትር ናት። ሁሉም ተስተካክሎ፣ ባቡሩ 4 ሜትር እንደ ሙሽራ ተራምዶ፣ ልክ ሊቆም ሲል ነቅ! ጥሩ ነጂ ከመቆሙ አንድ አፍታ በፊት ፍሬኑን ላላ ያደርጋል፣ ተሳፋሪው መቆሙን የሚያውቀው ዛፉ መሄድ ሲያቆም ነው። በሞዴል ያቺ ነቅ የምትመጣው የመነሻ ቮልቱን የሚይዘው ሲቪ 2 ስለሚበዛ ነው፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ ትልቅ እርምጃ ትሆናለችና። ባቡሩ ደረጃ 1 ላይ እየዳኸ እንዲሄድ እስኪበቃ ድረስ ብቻ መጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ይበቃል። የመካከለኛውን ፍጥነት የሚይዘውን ሲቪ 6ንም የሲቪ 5 ሲሶ ያህል ማድረግ ነው፤ የታችኞቹ ደረጃዎች ይጠባሉ፣ የማቆሙ ሁለተኛ አጋማሽ ይለሰልሳል። የፍሬኑ ሲጥታም እንዲሁ ይመጠናል፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ የሚያፏጭ ፍሬን ቀብር ካለቀ በኋላ እንደሚያለቅስ ሰው ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቁልፉን ለሲቪ 4 አስረክበው፣ የተረከቡትን ሀዲድ ሳይቆራርጡ እንዲወጡ በትሕትና እንጠይቃለን። ሲወጡም ቀስ ብለው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የሞዴል ባቡር ነጂዎች

ግልባጭ፦
ለሲቪ 27፣ በ1 እንዲጠብቅ
ለሁለተኛው ሎኮሞቲቭ፣ መግፋቱን እንዲተው
ለሦስቱ ፉርጎዎች፣ ባሉበት ጎን