ማስተካከያ፦ የቺፕውድ ካቢኔት አቀባብ

ስለ ወጥ ቤት ካቢኔት አቀባብ ቀደም ሲል ባወጣነው መመሪያ ላይ ሁለት ስህተቶች ነበሩ።

የሜላሚኑን ገጽ (በቺፕውዱ ላይ የተለጠፈውን ስስና አብረቅራቂ ሽፋን) በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ ብለን ነበር። ይህ በጣም ሻካራ ነው፤ ስሱን ሽፋን በስቶ ከስር ያለውን የእንጨት ፍርፋሪ ያወጣል። ትክክለኛው ከ180 እስከ 220 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። የሚፈለገው አብረቅራቂነቱን ማጥፋት እንጂ ሽፋኑን መላጥ አይደለም። ቅባቱ ግን አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ቅባቱን እዚያው ያሸዋል።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ሽፋን የሌለውን የተቆረጠ ጠርዝ በውሃ የሚበጠበጥ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ቀቡት ማለታችን ልክ አልነበረም። ቺፕውድ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ጠርዙን ስስ ስቱኮ ሙሉትና ሲደርቅ በ220 አለስልሱት፤ ከዚያ በዘይት ወይም በሼላክ (በአልኮል በሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) የተሠራ ፕራይመር ሁለት ጊዜ ቀቡት። የመጀመሪያው እጅ ተመጥጦ ያልቃል፣ የሚዘጋው ሁለተኛው ነው። ውሃ የሚያገኘው በእቃ ማጠቢያው ስር ያለው የታችኛው ጠርዝ ስለሆነ፣ አይታይም ተብሎ እንዳይዘለል።

ያበጠ ጠርዝ ካለ በቀለም አይሸፈንም፤ ተፈግፍጎ ይስተካከል ወይም ቦርዱ ይቀየር። የቀረው የመመሪያው ክፍል እንዳለ ነው።