እርማት፦ ለረጅም ርቀት ዋና 22 ዓመት አልረፈደም
ወንድሜ፣ ትናንት ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ «ዋናተኛ ሃያ ዓመት ካለፈው አበቃለት፤ የእህትህ ልጅ በ22 ዓመቱ ሐይቅ ድረስ የሚመላለሰው ለምንድን ነው?» ብለኸኝ ነበር። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ብራዚላዊቷን አና ማርሴላ ኩኛን እይ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ስትዋኝ 16 ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ወጣች። ለ2012ቱ ኦሎምፒክ ሳታልፍ ቀረች። በ2016 ደግሞ አሥረኛ። ወርቁን ያገኘችው በ2021 ቶኪዮ ላይ ነው፤ በ29 ዓመቷ! ኔዘርላንዳዊቷ ሻሮን ፋን ራውቨንዳልም የ2016ቱን ወርቅ በ2024 ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ ላይ ደግማዋለች። 30 ዓመቷ ነበር።

ውድድሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አሰልጣኙ በረጅም ዘንግ ጫፍ መጠጥ ይዘረጋል። ዋናተኛው በጀርባው ገልበጥ ብሎ ይጨልጥና ይቀጥላል። ማዕበሉን ማወቅ፣ ከፊት ያለውን ተጠግቶ ጉልበት መቆጠብ፣ እነዚህ በዓመታት ልምድ የሚመጡ ናቸው።

ስለዚህ ልጁን ተስፋ አታስቆርጥብኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ብቻውን እንዳይገባ። ጀልባ ይከተለው።