ማስተካከያ፦ የራምፕ ተዳፋት 12 በመቶ ሳይሆን 1 ለ 12 ነው

ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች መግቢያ ባለፈው በጻፍኩት ላይ፣ ለዊልቸር የሚሠራ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ከፍተኛው ተዳፋት "12 በመቶ" ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ትክክለኛው 1 ለ 12 ነው፣ ማለትም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፤ በመቶኛ 8.33 ይሆናል። ያረጋገጥኩት ከተደራሽነት ስታንዳርድ ሰነድ ነው፤ የአሜሪካው የ2010 (እ.ኤ.አ.) የተደራሽነት ስታንዳርድ ይህንኑ ጣሪያ አድርጎ ያስቀምጣል።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፣ ቦታው ላይ ግን አይደለም። በሩ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በተሳሳተው ቁጥር 5 ሜትር ራምፕ ይበቃል፤ በትክክለኛው 7.20 ሜትር ያስፈልጋል። የጎደለው 2.20 ሜትር ከደረጃው ወይም ከመኪና ማቆሚያው መምጣት አለበት፤ ካልሆነም ራምፑ ይታጠፋል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ማረፊያ ይጨመራል። ርዝመቱ የሚለካው በአግድም ነው፤ ብዙዎች ተዳፋቱን ተከትለው ይለካሉ።

በቁጥሬ ንድፍ የሠራችሁ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከልሱት። ለተሠራ ራምፕ 1.20 ሜትር ውሃ ልክ ይበቃል፦ አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል ራምፑ ላይ አሳርፉ፣ አረፋው መሃል እስኪገባ ሌላውን ጫፍ አንሱ፣ ከዚያ ከተነሣው ጫፍ ሥር እስከ ራምፑ ያለውን ክፍተት ለኩ። እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። በእኔ ስህተት የተሠራው 14.4 ያሳያል፤ ዊልቸሩን በራሱ እጅ ለሚገፋ ሰው ይህ ከባድ አቀበት ነው።

የቀድሞው ጽሑፍ ላይ ቁጥሩ ተስተካክሏል።