ፊድሉን ቆጥራችሁ ሳጉን ረሳችሁ

የአሜሪካውን የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት የሚሰጡት ሰዎች የካንትሪ አልበም ሽልማትን ለሁለት ከፈሉት። ከ2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባህላዊው ለብቻ፣ ዘመናዊው ለብቻ ይሸለማል። መጀመሪያ ስሰማ ደስ አለኝ። በካንትሪ ዘፋኙ በዶን ዊልያምስ ካሴት ላደገ እንደኔ ዓይነት ሰው፣ "ባህላዊ ካንትሪ" የሚባል በር መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ባህላዊ ማለት ምን እንደሆነ የጻፉትን አነበብኩና ደሜ ፈላ።

የንብረት ርክክብ ነው የሚመስለው። አኮስቲክ ጊታር፣ ስቲል ጊታር፣ ፊድል፣ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፒያኖ... ከበሮው ሳይቀር ተቆጥሯል። ድምፅ ላይ ሲደርሱ ግን "የአዘፋፈን ስልት" ብለው አለፉ። በቃ። ዮድል፣ ያ ድምፅ እየሰበሩ የሚዘፍኑት ነገር፣ ስሙ እንኳ የለም።

ይህን ካንትሪ እወዳለሁ ለሚል ወዳጄ ሳነሳለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ዮድል እኮ የስዊዘርላንድ እረኞች ነገር ነው፤ ለካንትሪ ባዕድ ነው።" እሺ፣ በትውልድ አገር ከሆነ የምንፈርደው እንፍረድ። ስቲል ጊታር ከሃዋይ ነው የመጣው። የባንጆ ዘሩ ከአፍሪካ ነው፣ በባርነት ከተጋዙ ሰዎች ጋር የተሻገረ። ማንዶሊን ጣሊያናዊ ነው። ፊድል ያው ቫዮሊን ነው፣ አውሮፓዊ። ዮድልን በመጤነት ካባረርክ፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉትንም ተራ በተራ ሸኝተህ ከበሮ ይዘህ ትቀመጣለህ፣ እሱንም የአገሬ ነው ካልክ።

ለመሆኑ ዮድል ምንድን ነው? ድምፅ ከደረት ተነስቶ ወደ ቀጭኑ የላይኛው ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲዘል፣ ከዚያ ተመልሶ ሲወድቅ ነው። ያ የመዝለያ ቦታ የሁላችንም ጉሮሮ ውስጥ አለ። የተማረ ዘፋኝ ስንት ዓመት የሚለፋው ያንን ስፌት ለመደበቅ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ማንም እንዳያውቅበት። ዮድል የሚያደርገው ሰው ግን ልብሱን ገልብጦ እንደሚለብስ ሰው ስፌቱን ለዓለም ያሳያል። እንግሊዝኛው ዮድል ብሎት ያልፋል፤ እኛ ግን ለዚህ የሚቀርብ ቃል አለን፣ ሳግ። ሰው ለቅሶውን ዋጥ አድርጎ ሊናገር ሲል ድምፁ መሃል ላይ ቁርጥ የሚልበት ነገር። ካንትሪ ያንን ስብራት ወስዶ ዜማ አደረገው። እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ካለ ጆሮውን ይታጠብ።

የካንትሪ ዘፋኙን ጂሚ ሮጀርስን ውሰዱ። የሚሲሲፒ ሰው፣ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ የነበረ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከሥራ የቀረ። በ1927 የመጀመሪያ ሸክላውን ብሪስቶል ላይ ቀረጸ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ኒው ጀርዚ ሄዶ "ብሉ ዮድል" የተባለውን የመጀመሪያውን ዘፈን ሠራ። ቅርጹ የጥቁሮቹ ብሉዝ ነው፣ በኛ አነጋገር እንጉርጉሮ፤ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ይደጋግምና በሦስተኛው ይመልሳል። ግጥሙ ግን ፉከራ ነው። ሽጉጥ ገዝቼ ያቺን ሴትዮ እገድላታለሁ ይላል፣ የሚያስጠላ ነገር። ከዚያ ቃሉ ያልቅና ዮድሉ ይመጣል። ያ ሁሉ ጀግንነት ይፈርሳል! ሲፎክር የነበረው ሰውዬ ልቡ ተሰብሯል፣ አፉ የደበቀውን ጉሮሮው አሳበቀበት። ይህን የትኛው ፊድል ይሠራዋል?

በግንቦት 1933 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀረጽ በዘፈንና በዘፈን መሃል አልጋ ላይ ጋደም እያለ ነበር። ቀረጻው ባለቀ በሁለተኛው ቀን ሞተ፣ በ35 ዓመቱ። በዚያ ሳንባ ነው እንግዲህ። ይህን ሰው ከባህሉ መዝገብ አውጥተህ ማንዶሊን ትጽፋለህ?

ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያን አስቡ። በ1950 ሂዩ ትሬሲ የሚባል ሰው የኪፕሲጊስ ብሔረሰብ ልጃገረዶችን ሲዘፍኑ ቀረጻቸው፤ የሚያሞግሱት "ቼሚሮቻ" የሚባል ግማሽ ሰው ግማሽ እንስሳ የሆነ ፍጡር ነበር። ቼሚሮቻ ማለት ጂሚ ሮጀርስ ነው፤ ሸክላው እዚያ ደርሶ ስሙ በነሱ አፍ እንዲህ ሆነ። እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ምኑን ሰሙ ታዲያ? ባንጆውን እንዳትሉኝ። ሳጉን ነው የሰሙት፣ ሌላ መልስ አልቀበልም።

"ግን እኮ ያስቃል" የሚሉም አሉ። በ2018 ሜሰን ራምሴ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ኢሊኖይ ውስጥ ዎልማርት መደብር መሃል ቆሞ ዮድል እያደረገ ሲዘፍን ዓለም ሳቀ። የዘፈነው የካንትሪው ሃንክ ዊልያምስ በ1949 በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ 16 ሳምንት አንደኛ ያደረገውን ዘፈን ነበር። ስቁ፣ ግድ የለም። እኔ የሰማሁት ስብራቱን በቦታው የሚያስቀምጥ ልጅ ነው፣ ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ ኮምፒውተር ድምፁን እንደ ሸሚዝ የሚተኩስለት ጎልማሳ ሁሉ የማይችለውን። የካንትሪ መዲናው ናሽቪል ማልቀስ ካፈረ ቆየ እኮ።

አንድ ነገር ልመን። ለፍጥነት ውድድር ብቻ የሚደረግ፣ ላብ አስመጥቶ ስሜት የሌለው ዮድል አለ፤ እሱ እኔንም ያደክመኛል። ግን በፍጥነት ጣቱን የሚያሯሩጥ ጊታሪስት ስላለ ጊታርን ከዝርዝሩ የሰረዘ አላየሁም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሸላሚዎቹ አለማወቃቸው አይደለም። ያውቃሉ። በ1997 እነዚሁ የግራሚ ሰዎች ናቸው ሊአን ራይምስ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ "ብሉ" በሚለው ዘፈን የሸለሟት። ያንን ዘፈን ዛሬ ማታ ይክፈቱትና "ብሉ" የምትለው አንዲት ቃል ውስጥ ድምጿ ስንት ጊዜ እንደሚሰበር ይቁጠሩልኝ። መቁጠር እንደሆነ ይወዳሉ።