የክሎዶአልድ ወንድሞች በጦር ሜዳ አልሞቱም

የዛሬዋን ፈረንሳይ አብዛኛውን ክፍል ይገዙ ከነበሩት ከፍራንኮች ወገን ስለ ሆነው ልዑል ክሎዶአልድ የቀረበውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ሁለቱ ወንድሞቹ እንደ አባታቸው በጦር ሜዳ ወደቁ የሚለው አንቀጽ መታረም አለበት። በጦርነት የሞተው አባታቸው ክሎዶመር ብቻ ነው፤ እርሱም የንጉሥ ክሎቪስ ልጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ524 ቬዜሮንስ ላይ ከጎረቤት ሕዝብ ከቡርጉንዶች ጋር ሲዋጋ ተገደለ።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን ሕፃናት ታሳድግ የነበረችው አያታቸው ንግሥት ክሎቲልድ ናት። አጎቶቻቸው ሺልደበርና ክሎቴር የወንድማቸውን ግዛት ለመቀራመት ስለ ፈለጉ፣ ልጆቹን «ልናነግሣቸው ነው» ብለው ከወሰዱ በኋላ ለአያቲቱ መቀስና የተመዘዘ ሰይፍ ላኩባት። የእነ ክሎቪስ ንጉሣዊ ዘር በሆነው በሜሮቪንግ ቤት ረጅም ጸጉር የንግሥና ምልክት በመሆኑ፣ የመቀሱ ትርጉም ግልጽ ነበር፤ እርሷም በሐዘንና በቁጣ ተውጣ፣ ካልነገሡስ ተሸልተው ከማያቸው ሞተው ባያቸው ይሻለኛል አለች። የቱሩ ጳጳስ ጎርጎርዮስ እንደ ጻፈው፣ ክሎቴር የአሥር ዓመቱን ልጅ በጩቤ ሲገድለው የሰባት ዓመቱ ታናሽ የሺልደበርን ጉልበት አቅፎ ተማጸነ። ሺልደበር አለቀሰ፤ ወንድሙ ሲዝትበት ግን ሕፃኑን ገፍቶ ሰጠው። (ግዛቱንም ተካፍሏልና፣ ያ ልቅሶ ብዙም አያሳዝነኝም።)

ክሎዶአልድን ደፋር ሰዎች አሸሹት፤ በኋላም ጸጉሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ካህን ሆነ። ያረፈባት ኖዣን፣ ከፓሪስ በስተ ምዕራብ በሴን ወንዝ ዳር፣ ዛሬም በስሙ ሳን ክሉ ትባላለች።